እንግዳ ሲመጣ የሚፈጥነው መስመር

ሥራዬ አሰላ ዙሪያ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ኮምፒውተርና ኢንተርኔት መጠገን ነው። ስልኬ ከጠዋት እስከ ማታ "ኔትወርክ የለም" ይላል። "መጀመሪያ ሶኬቱን እዩልኝ" እላለሁ። ብዙ ጊዜ ሶኬቱ ነው።

በበቆጂ መንገድ ላይ ባለው ትምህርት ቤት ግን ሶኬቱ አልነበረም። ፈጣኑ መስመር ሲገባላቸው የገጠምኩት እኔው ነኝ። ግድግዳው ጭቃ ስለሆነ ብሎን አልይዝ አለኝና ራውተሩን፣ ኢንተርኔቱን ለኮምፒውተሮቹ ያለ ሽቦ የሚያዳርሰውን ዕቃ ማለቴ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሞከርኩት። ሽው አለ። በሳምንቱ ርዕሰ መምህሩ ደወሉ።

"ኧረ ይሄ ነገር ይሽከረከራል እንጂ አይከፍትም!"

ሄድኩ። ይሮጣል። ቪዲዮ ከፈትኩላቸው፤ ምንም አላለም። አሰላ ሳልደርስ "አሁንስ ጭራሽ ቆመ" ብለው ደወሉ። ተመልሼ ስሄድ ይሮጣል። መስመሩን ከሚያቀርቡት ጋር በስልክ ተጨቃጨቅሁ፤ "ከእኛ በኩል ችግር የለም" አሉኝ። በገንሁ። መምህራኑ እያሾፉብኝ ነው ብዬ እስከማሰብ ደረስኩ።

ነገሩ ግን ቀልድ አልነበረም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር ነው። የዞን ትምህርት ቢሮ ሰዎች ትምህርት ቤቱ ድረስ ሳይመጡ፣ ከቢሯቸው ሆነው የሙከራ ፈተና ይለቃሉ። መስመሩ ከቻለ ልጆቹ በትምህርት ቤታቸው ይፈተናሉ፤ ካልቻለ አሰላ ሄደው፣ እያደሩ ይፈተናሉ። የመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ። የቀረው አንድ ዕድል ነው። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ልጅ ደግሞ ተፈታኝ ናት፤ ከአራስ ቤት ገና መውጣቷ ነው። እናትየው በሄድኩ ቁጥር "ልጄ፣ አሰላ ማን አላት? ጡት የሚጠባ ሕፃን ይዛ የት ታድራለች? አደራህን!" ይሉኛል። አንጀቴን ይበሉታል። "አይዞዎት እትዬ" እላለሁ፤ በምን እንደማበረታታቸው ግን እኔም አላውቅም።

የሁለተኛው ሙከራ ዋዜማ ሌላ ትምህርት ቤት ሥራ ጨርሼ ስመለስ፣ ሳልደውል ጎራ አልኩ። ኮምፒውተር ክፍሉ በሚለማመዱ ተማሪዎች ሞልቷል፤ ስክሪኑ ሁሉ ይሽከረከራል። ጠረጴዛው ላይ ራውተር የለም። ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩት። ጥግ ወዳለው የብረት ካቢኔት ይገባል። ካቢኔቱ ተቆልፏል።

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

እትዬ እየሮጡ መጡ። "ምነው ሳትነግረን መጣህ? አወጣልህ ነበር እኮ!"

ከፈቱት። ራውተሩ በእጃቸው የሠሩትን ነጭ ዳንቴል ለብሷል፤ በላዩ ፎጣ ተደርቦበታል። ስነካው ከምጣድ እንደወጣ ዳቦ ያቃጥላል። በእኛ ሰፈር ቴሌቪዥን ዳንቴል ሳይለብስ አይውልም፤ እንግዳ ሲመጣ ነው የሚገለጠው። ለካ እኔ እንግዳ ነኝ! እመጣለሁ ባልኩ ቁጥር አውጥተው፣ ወልውለው፣ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡልኛል። መምህራኑም ነገሬ አላሉትም፤ ውድ ዕቃ ይቆለፋል፣ በቃ።

"እትዬ፣ ይሄ እኮ ብረት ነው! ብረት ኔትወርክ አያሳልፍም! ፎጣው ደግሞ..."

"በስሜ ፈርሜ የተረከብኩት ነው" አሉ። "ቢሰረቅ፣ አቧራ ቢገባበት፣ ልጄ በምን ትፈተናለች? ለእሷ ብዬ እኮ ነው የማለብሰው።" ከዚያ ገባቸው። የካቢኔቱን በር እንደያዙ ቆሙ። "ዋቅዮ፣ አምላኬ! እኔው ነኝ?"

እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። "አይዞዎት" አልኳቸው፤ የዚያን ቀን ግን ከልቤ ነበር። ጣውላ ለምኜ ራውተሩን የጣሪያው ማገር ላይ፣ ሌባም እጅም በማይደርስበት ቦታ ሰቀልኩት። ስክሪኖቹ ተራ በተራ ተከፈቱ። በማግስቱ ሙከራው አለፈ።

የፈተናው ቀን ሄጄ ነበር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ራውተሩ ማገሩ ላይ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። እትዬ ከክፍሉ ደጃፍ፣ ጥቂት ፀሐይ ባለበት፣ ሕፃኑን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከብርድ ልብሱ በላይ ያንን ነጭ ዳንቴል ደርበውለታል።

"ያ ራቁቱን ይዋል ካልክ" አሉኝ፣ "ይሄኛው ይልበሰው።"

በእረፍት ሰዓት ልጅቷ ወጣች። ሕፃኑን ተቀብላ፣ እዚያው ደጃፉ ላይ አጠባችው። ደወሉ ሲደወል ለእናቷ መልሳ ሰጠችና ገባች።