የይስማው ጋን

ይስማው ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ነው። ሲያስነጥስ ከዚህ ሆኜ «ይማርህ» የምለው እኔ ነኝ። ሚስቱ እናቷ ቤት ልትገባ መነሳቷንም ከእሱ ቀድሜ አውቄያለሁ፤ ሰበቡ ያው ጋኑ ነው።

ድሮ ላም የሚያዳቅል የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። መሥሪያ ቤቱ የጣለውን አሮጌ የናይትሮጅን ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ ጋን የሚያህል ብረት፣ አንገቱ ቀጭን። ናይትሮጅን የሚሉት ያለ እሳት የሚፈላ ውኃ ነው፤ ጭሱ ከውርጭ ይብሳል። የኮርማ ዘር እሱ ውስጥ ከገባ ዓመትም አይበላሽ። የይስማው ግን አንገቱ ተሰንጥቆ ውኃው በሦስት ቀን ያልቃል። ዓመት ሙሉ ሲሞርድ፣ ሲያጣብቅ፣ ድርብ ከሆነው የጋኑ ብረት መሀል አየሩን በፓምፕ ሲመጥጥ ኖረ። እርሻውን ዳዋ በላው።

«ለአንዲት አሮጊት ላም ይኼን ሁሉ?» አልኩት።

«እማማ ብርቄ፣ የእሷ ወገን የመጨረሻው ኮርማ ሞቷል። የቀረው ዘሩ ስንደዶ የምታህል አንዲት ዘንግ ናት። ላሚቱም ዘንድሮ ካልያዘች ዘራቸው ጠፋ» አለኝ። ዓይኑ ቀልቷል።

በመጨረሻ ጋኑ ያዘለት። ናይትሮጅኑንም ዘሩንም ከንፋስ መውጫ ከተማ አምጥቶ፣ በየጠዋቱ እንጨት እየሰደደ ይለካል። አሥራ ስምንት ቀን ቆየ። ላሚቱ ኮርማ ልትፈልግ ሦስት ቀን ሲቀራት ውኃው ጎደለ። ሌላ ሊያመጣ በሚኒባስ ሲሄድ፣ «ላሚቱን ይዩልኝ፤ ጋኑን ግን እንዳይነኩ» አለኝ።

እኔን አትንኪ ማለት ድመትን ወተት አትዪ እንደ ማለት ነው። ገብቼ ባይ ከክዳኑ ሥር ጭስ ይወጣል። እንዲህ እየተነፈሰ ነው ለካ የሚያልቅበት፤ ይኼ ምሁር ጠላ እንኳ ጠምቆ አያውቅ። ጭቃ በጭድና በአመድ አቦካሁ፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ መረግሁት። መጅም ጫንኩበት።

ብዙም ሳይቆይ የታፈነው ጭስ ጧ አለ። መጁ ጣራውን መታ፤ የጋኑ አንገት እንደገና ተሰነጠቀ፤ ሆዱ ላይ ውርጭ ወጣበት። በማግስቱ ይስማው ሲመለስ ጋኑ ደርቋል፤ ዘሩም ተበላሽቷል።

«ዶሮ ናት የደፋችው» አልኩት።

ከአንገቱ ላይ ደረቅ ጭቃ ፈቀፈቀና ጭዱን አየው። «ዶሮ ጭቃ ታቦካለች፣ እማማ?» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ላሚቱ ቀኗን አልሳተችም። ማልዳ ጀምራ ኮርማ ስትጣራ ዋለች። የአገሩን ወሬ ሁሉ አርብ ገበያ የማደርስ ሴት፣ ይኼን ግን እስከ ዛሬ ለማንም አላወጣሁትም። እሱ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ባስጠጋ፣ ማስነጠስ እንኳ የለም።