የዘይት ቆርቆሮው መብራት

ጣሀ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሻን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ጓንት ሳያጠልቅ ሽቦ ነክቶ አያውቅም። ይህን የምለው እኛ በምንኖርበት ደሴ ውስጥ "ሙያውን ሳያውቅ ነው" እያለ የሚያወራ፣ አፉን የማይሰበስብ ሰው ስለበዛ ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል።

ሚስቱ ከይሪያ ጎረቤቴ ነበረች፤ ግድግዳ ብቻ ነው የሚለየን። ሦስተኛው ጽንስ ከወረደባት በኋላ ሰው ሸሸች። ቀኑን ሙሉ ከጨለማዋ ክፍሏ አትወጣም። ጣሀ ግራ ሲገባው የመስኮት መስታወት አጣብቆ ገንዳ ሠራላትና ከአዲስ አበባ አራት ወርቃማ ዓሣ አስመጣ። እሷ ግን፣ "በዚህ ጨለማ ምናቸውን ላያቸው ነው?" አለችው።

የዘይት ቆርቆሮ ቀዶ ዘረጋና ለገንዳው ክዳን አደረገው። የሚያብለጨልጨውን ውስጡን ወደ ታች አዙሮ አጭር ፍሎረሰንት አሰረበት፤ ሽቦውን በሚስማር በበሳው ቀዳዳ አሳለፈው። ቀዳዳውን ጎማ ሊያለብሰው አስቦ ነበር፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲል ቀረ። መብራቱ ሲበራ ዓሦቹ ፍም መሰሉ። ከይሪያ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ዓመት አልፎኝ ስለነበር እኔም አለቀስኩ።

ጣሀ አጥብቆ ያስጠነቀቃት አንድ ነገር ብቻ ነው። "መብራቱ ሳይጠፋ ክዳኑን እንዳትነኪ" አላት።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቀን ከጠዋት ጀምሮ መብራት ሄደ። ወደ ዐሥር ሰዓት ላይ ብቅ ስል ከይሪያ ገንዳው አጠገብ ቆማለች።

"አንዷ ሞታብኛለች፣ መብራቱ ጠፍቶ እያለ ላውጣት" አለችኝ።

ማብሪያው ግን አልጠፋም። አይቼዋለሁ። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ማብሪያ የሚያጠፋ ማን አለ? አምፖሉ ቦግ ካላለ መምጣቱን በምን እናውቃለን? የእኔም ቤት እንደዚያው ነበር የተተወው።

"ወላሂ መብራቱ ከመጣ ሻይ አፈላለሁ፤ እንዳትቀሪ!" አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ።

ቤቴ ስገባ አምፖሌ ቦግ አለ። የሰፈሩ ልጆች "መጣ!" ብለው ጮኹ። እኔም አብሬያቸው ጮኽኩ፤ አጨበጨብኩም።

ሽቦው ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ተልጦ ቆርቆሮውን ነክቶት ኖሯል። ጣሀ ከሥራ ሲመለስ ገንዳው በርቷል፤ ሦስቱ ዓሦች ይዋኛሉ። ከይሪያ ሥሩ ወድቃለች።

ለቅሶው ላይ ሁሉም "አብሽር፣ ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው ነው" አሉት።

"ቀደርስ ነው። ቆርቆሮውን የበሳሁት ግን እኔ ነኝ" አለ።

አሁን መብራት በሄደ ቁጥር በየቤቱ ይዞራል። እኔ ደጅ ሲደርስ፣ "ትርፌ፣ ማብሪያሽን አጠፋሽ?" ይለኛል።

"አጥፍቻለሁ።"

"እሷንም እንዲህ የሚላት አንድ ሰው አጠገቧ ቢኖር..." ይልና ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል።

አጠገቧ እንደነበርኩ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።