እትዬ ፍሬንና ሦስቱ ጠላቂዎች

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ፍሬን ይላታል። ዕድሜዋን ሙሉ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበረች። ከተማሪው ጎን ተቀምጣ፣ እግሯን ለአስተማሪ በተገጠመው ትርፍ ፍሬን ላይ አድርጋ፣ "ቀስ! ቀስ በል አልኩህ!" ስትል የኖረች ሴት ናት። ስንቱ መሪ ጨብጦ ዓይኑን ሲጨፍን አይታለች። ስንቱ ቀኝ ታጠፍ ሲባል ግራ ታጥፎ የሰው አጥር ውስጥ ይዟት ገብቷል። ጡረታ የወጣች ዕለት የሥራ ባልደረቦቿ ምን እንደምትመኝ ቢጠይቋት "ዝምታ" ብላ ነው የመለሰችላቸው፤ እነሱ ሳቁ እንጂ እሷ አልቀለደችም።

ዝምታውን ያገኘችው ባሕር ላይ ነው። ባሏ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ "በርካሽ ተገኘች" ብሎ አንዲት ያረጀች የመዝናኛ ጀልባ ገዛ። መጀመሪያ የወጡ ቀን ገና ወደቡን ሳይለቁ ፊቱ አመድ መሰለ፤ በሁለተኛው ቀን የጀልባዋን ጠርዝ አቅፎ ሲያስመልስ ዋለ። ከዚያ ወዲያ "እኔ ከመሬት ሆኜ ነው የምወዳት" ብሎ እርግፍ አድርጎ ተወው። ጀልባዋም የእሷ ሆነች። ትምህርቱን ተማረች፣ ፈቃዷን አወጣች፣ ሞተሩን እንደ ልጅ ሆድ እያዳመጠች ታስነሳው ጀመር። ጠዋት ጠዋት ፔርሙዟን ይዛ ወጣ ትላለች፤ ሞተሯን ታጠፋለች፤ ትቀመጣለች። ማንም "አሁን ማርሽ ልቀይር?" ብሎ የሚጠይቃት የለም።

ይህ ደስታ የቆየው ታናሽ ወንድሟ መጥለቅ እስኪማር ድረስ ነው።

ወንድሟ ማሙሽ ይባላል። ራሱ ከተመለጠ፣ ሆዱም ከቀበቶው ካለፈ ሰንብቷል፤ ፍሪጅ በመጠገን የታወቀ፣ የልጆች አባት ነው። ግን የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ስለሆነ ማሙሽ እንደተባለ ቀረ፤ እሱም ስሙን ለማስተባበል ሞክሮ አያውቅም። አንድ ነገር ሲይዘው እንደ ልክፍት ነው። አንድ ሰሞን ጊታር ነበር፤ አንድ ሰሞን ንብ ማነብ ነበር፤ ጎረቤቱ ሁሉ ፊቱ እስኪያብጥ ድረስ። አሁን ደግሞ የአየር ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ ባሕር ውስጥ መግባት ሆነ።

"እትዬ፣ አንቺ ጀልባ አለሽ፣ እኛ ደግሞ የሚያወጣን አጣን" አላት በስልክ።

"እኔ ደግሞ መቀመጥ ነው የምፈልገው።"

"አንቺማ ትቀመጫለሽ! የምንጠልቀው እኛ ነን።"

እምቢ ለማለት አፏን ከፈተች። ግን ማሙሽን እምቢ ብላው አታውቅም፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ በዚህ ልጅ ላይ አንጀቷ አይጨክንም። "እሺ" አለች፤ ስልኩን ከዘጋች በኋላ ራሷን ሰደበች።

አብረውት የሚጠልቁት ሁለት ናቸው፤ አንዲት ጥርስ ሐኪምና አንድ የጂኦግራፊ አስተማሪ። ሁለቱም ጨዋ፣ የሚሰሙ ሰዎች ናቸው። እትዬ ፍሬን በመጀመሪያው ጉዞ ጀልባው ላይ አስቀምጣቸው ደንቧን ነገረቻቸው። ሰው ውኃ ውስጥ እያለ ሞተር አይነሳም፤ ቁልፉም አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። ከታች ሰው አለ የሚለው ባንዲራ፣ ቀይ ላይ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለበት፣ ሳይሰቀል ማንም እግሩን አያረጥብም። አብሮ የገባ አብሮ ይወጣል። ብቻውን የወጣ ካለ ፊሽካውን ይነፋል፤ ስለዚህ ፊሽካ የሌለው አይገባም።

ሐኪሟ በየመሃሉ ራሷን ትነቀንቃለች። አስተማሪው ጥያቄ ጠየቀ። ማሙሽ የእግር መቅዘፊያውን የእህቱ ትራስ ላይ አስቀምጦ ያዛጋል።

"እትዬ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና አደረግሽው እኮ!"

"አንተ እሱንም ወድቀሃል" አለችው።

እንዲህ እየሆነ ክረምቱ አልቆ ሙቀቱ ገባ። በየሳምንቱ ታወጣቸዋለች፤ በየሳምንቱ ማሙሽ አንድ ነገር አያጣም። ሲሊንደሩን ሳያስረው ይተወውና ጀልባዋ ስትዘነብል እየተንከባለለ መጥቶ ቁርጭምጭሚቷን ይላታል። እርጥብ ልብሱን የወንበሯ መደገፊያ ላይ ይዘረጋል። ከውኃ ሲወጣ ገና መሰላሉ ላይ ሆኖ ያየውን ዓሣ ማውራት ይጀምራል፤ ከኋላው አስተማሪው ሸክሙን ተሸክሞ፣ ማዕበል እያላጋው፣ "ወንድሜ፣ እባክህ እለፍ" ይላል። ማታ ለባሏ "ይሄ ልጅ በቁሜ ይገለኛል" ትለዋለች። ባሏም ከአጉሊ መነጽሩ ሥር ቀና ሳይል "ታዲያ አትውሰጂዋ" ይላታል። ይህ መልስ ደግሞ ከማሙሽ ይልቅ ያናድዳታል።

ያ ቅዳሜ ከጠዋቱ ጀምሮ ጠማማ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነፋስ እንደሚነሳ በሬዲዮ ስለሰማች ማልደው እንዲመጡ አስጠንቅቃ ነበር። ሐኪሟና አስተማሪው ማልደው መጡ። ማሙሽ ፀሐይዋ አናት ልትደርስ ስትል፣ ዳቦ እያኘከ፣ በፉጨት እየዘፈነ መጣ። ከወደቡ ሊወጡ ሲሉ "ወይኔ! የመጥለቂያ መነጽሬን መኪናው ውስጥ ረሳሁት!" አለ። ተመለሱ። እንደገና ወጡ።

"ፊሽካስ?" አለችው።

"አለ፣ አለ። ቦርሳዬ ውስጥ።"

"ቦርሳህ ሊጠልቅ ነው ወይስ አንተ?"

"ኧረ እትዬ፣ በፈጠረሽ! ልክ ስንገባ እይዘዋለሁ።"

የሚጠልቁበት ቦታ ከውኃው ብቅ ያለ ረጅም ዓለት አጠገብ ነው። መልሕቋን ጣለች፣ ሞተሩን አጠፋች፣ ባንዲራውን ሰቀለች። ከዓለቱ ማዶ አንድ ትልቅ የሽርሽር መርከብ ቆሞ ዘፈኑ እዚህ ድረስ ይሰማል። ሦስቱም ተያይተው አውራ ጣታቸውን ወደ ታች አመለከቱና ሰመጡ። እሷ ፔርሙዟን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን ከውኃው ላይ አልተነሳም። የአረፋውን መስመር ማየት ለምዳለች፤ የት እንዳሉ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ አረፋው ይነግራታል።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ጎረምሳ በውኃ ሞተር ብስክሌት እየከነፈ ወደ እነሱ መጣ። ብድግ ብላ ክላክሷን አስጮኸች፤ ሁለት እጇን እያወናጨፈች "ተመለስ! ከታች ሰው አለ!" አለች። ልጁ ሰላም ያለችው መስሎት እጁን አውለበለበላት። ባንዲራውን እያመለከተች "ይሄ ምን መሰለህ? የታጠበ ልብስ ነው?" ብላ ስትጮህ ነው የገባው፤ ዞሮ ሄደ። እሱን ስታባርር ግን ዓይኗ ከአረፋው ተነቅሎ ነበር። ወደ ውኃው ዞር ስትል ያየችው የሁለት ሰው አረፋ ብቻ ነው።

ሐኪሟ ብቅ አለች። አጠገቧ አስተማሪው ብቅ አለ። ሁለቱም ዙሪያቸውን ይቃኛሉ።

"ማሙሽስ?" አለች እትዬ ፍሬን።

"ወደ ጀልባው አልመጣም?" አለ አስተማሪው። "ከኋላችን ነበር። ዘወር ብንል የለም። እንደተባባልነው እዚያው ትንሽ ፈልገነው፣ ስናጣው ወጣን።"

"ውጡ" አለቻቸው። "ቀስ ብላችሁ፣ ግን ውጡ።"

ድምጿ እንዴት እንደዚያ ረጋ እንዳለ በኋላም አልገባትም። ሐኪሟ መሰላሉን እንደያዘች "አየር ተርፎኛል፣ ተመልሼ ልግባ" አለች።

"አይሆንም። አንድ የጠፋ ይበቃኛል።"

እጇ በራሱ ወደ አንገቷ፣ ወደ ቁልፉ ሄደ። ሞተሩን አስነስቶ ዓለቱን መዞር፣ መፈለግ፣ ብቻ አንድ ነገር ማድረግ አማራት። ግን ማሙሽ ከታች ቢሆንስ? በዚያች ደቂቃ ከሞተሩ ሥር ብቅ ቢልስ? ቁልፉን ለቀቀችው። ክላክሱን በረጅሙ ነፋች፣ ጆሮዋን አቆመች፤ የፊሽካ ድምፅ የለም። የማሙሽን ቦርሳ ከፈተችው። ፊሽካው ከግማሽ ዳቦ ጋር እዚያው ተቀምጧል።

ሬዲዮኑን አንስታ ባሕር ጠባቂዎቹን ጠራች። ቦታዋን ነገረቻቸው። "ጠላቂ ጠፍቶብኛል። ወንድ ነው። ራሰ በራ። ጥቁር የመጥለቂያ ልብስ..." ብላ ሬዲዮኑን እንደጨበጠች ወደ ውኃው ዞረች። ሐኪሟ ትከሻዋን ይዛ ሬዲዮኑን ተቀበለቻትና የቀረውን ጨረሰችላት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። አስተማሪው ጣሪያው ላይ ወጥቶ በአቅራቢ መነጽር ይቃኛል። ነፋሱ መነሳት ጀምሯል፤ ነጭ ነጭ የማዕበል ጫፍ በታየ ቁጥር ራስ ይመስላታል። በሐሳቧ ማሙሽን ትሳደባለች፤ "አንተ ዝርክርክ! አንተ የማትሰማ!" ትላለች፤ ወዲያው ደግሞ "ብቻ ውጣልኝ፣ ሌላው ይቅር" ትላለች። ለሚስቱ ምን እንደምትላት ስታስብ ቁጭ አለች።

ሬዲዮኑ ድምፅ ሰጠ።

"ሃሎ፣ ከሽርሽር መርከቡ ነው" አለ የአንድ ሰው ድምፅ፣ ከኋላው ዘፈን እየተሰማ። "ራሰ በራ ሰውዬ ነው ያላችሁት? እኛ ጋ አንድ አለ።"

"በሕይወት አለ?" አለች፤ ሬዲዮኑን ከሐኪሟ እጅ ነጥቃ።

"ኧረ ደህና ነው! ሐብሐብ እየበላ ነው።"

አስተማሪው ጣሪያው ላይ እንደተቀመጠ መሳቅ ጀመረ። ሐኪሟም ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እትዬ ፍሬን ግን አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ፣ ንፍጧንም ዕንባዋንም በእጅጌዋ ጠርጋ፣ ከጨረሰች በኋላ ሞተሩን አስነሳች።

ማሙሽ መርከቡ ላይ በማያውቃቸው ሰዎች መሃል፣ በሰው ፎጣ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። አንድ ኤሊ ተከትሎ ዓለቱን ዞረ፤ ቀና ቢል ጓደኞቹ የሉም፤ ሲወጣ የተገኘው በመርከቡ ሥር ነው። ሰዎቹ ገመድ ጣሉለት፤ ወጣ፤ ዕረፍ አሉት፤ ዐረፈ።

"እጄን አውለብልቤ ነበር እኮ" አለ ወደ ጀልባዋ ሲሻገር። "ያያችሁኝ መስሎኝ።"

"በዓለት ውስጥ?" አለ አስተማሪው።

የባሕር ጠባቂዎቹ ጀልባ ቀድሞ ተነስቶ ስለነበር መጣ። አለቅየው ሁሉንም ቃኘና "ጀልባው የማነው?" አለ።

"የኔ ነው" አለች።

"እንግዲያው እናቴ፣ ያወጧቸው እርስዎ ነዎት፤ ኃላፊነቱም የእርስዎ ነው። ፊሽካ የሌለው ሰው እንዴት ውኃ ያስገባሉ? ጠፋ ሲባል እኛ ሌላውን ሥራ ጥለን ነው የምንመጣው።" ረጅም ምክር መከራት። ማሙሽ ፎጣው ውስጥ ሆኖ የእግሩን ጣቶች ያያል። እሷ ዕድሜ ልኳን ለሌሎች ስታስተምረው የኖረችውን ትምህርት ቆማ ሰማች፤ "ልክ ነህ" አለች፤ ልክም ነበር። ማየት ነበረባት፤ "ቦርሳዬ ውስጥ ነው" ሲላት ማለፍ አልነበረባትም። ይህ ነው ይበልጥ ያንገበገባት።

እስከ ወደቡ መሪዋን እንደጨበጠች ፊት ለፊቷን ብቻ አየች። ማሙሽ መጀመሪያ ስለ ኤሊው አወራ፤ ቀጥሎ ስለ ነፋሱ፤ ቀጥሎ ተነስቶ ሲሊንደሩን አሰረ። በነጋታው ቤቷ መጣ።

"ይቅርታ እትዬ። ግን..."

"ከይቅርታ በኋላ 'ግን' የለም። በሩ ያውልህ።"

ባሏ መሃል ሊገባ አፉን ሲከፍት አየችው፤ ወዲያው መልሶ ዘጋው።

ሰንበትበት ብሎ የደወለችላት ሐኪሟ ናት፤ በትሕትና፣ ማሙሽን ሳታነሳ። እትዬ ፍሬን ብዙ አሰበችበት። ባሕር ላይ ብቻዋን ስትወጣ ዝምታው እንደ በፊቱ አልሆነላትም፤ ይህም ራሱ አበሳጭቷታል። "እወስዳችኋለሁ" አለች በመጨረሻ። "ማሙሽም ይምጣ። ግን አይጠልቅም። ጀልባ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።"

ማሙሽ ኩርፊያውን ይዞ መጣ። ሁለቱ ሰመጡ። መጀመሪያ ስልኩን ሊያወጣ ሞከረ።

"አረፋው ላይ" አለችው።

"እያየሁ ነው።"

"ስልክህን ነው የምታየው።"

አረፋውን ማየት ጀመረ። ቆይቶ አረፋው በማዕበሉ ብልጭታ ተዋጠና ጠፋበት። ብድግ አለ። "እትዬ፣ የሉም!" አለ። እንደገና አገኘው፤ ቁጭ አለ። እንደገና ጠፋበት፤ ተነሳ። ሁለቱ ከተባባሉት ሰዓት ትንሽ ዘገዩ፤ ሞገድ ስላለ በመልሕቁ ገመድ ላይ ቀስ እያሉ ነበር የሚወጡት። እትዬ ፍሬን ገመዱ ሲንቀጠቀጥ ታየዋለች። ልትነግረው ትችል ነበር፤ አልነገረችውም።

ማሙሽ ከዚህ ጠርዝ ወደዚያ ጠርዝ ይንቆራጠጣል። "ለምን አይወጡም? ምን ሆነው ነው? ሬዲዮኑን አንሺው እንጂ!" ብሎ ክላክሱን ሊያስጮኽ ሲል ሐኪሟ ብቅ አለች።

"የት ነበራችሁ?" ብሎ ጮኸባት። "ሰው እዚህ ነፍሱ እየወጣ ነው እኮ!"

ሐኪሟ የአፏን ቧንቧ አውጥታ አየችው። እሱም የራሱን ድምፅ የሰማው ያኔ ሳይሆን አይቀርም፤ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። እህቱ ከፔርሙዟ ሻይ ቀድታ ሰጠችው። ያለ "ግን" ይቅርታ ጠየቃት።

ከዚያ ወዲህ ማሙሽ ተለውጧል፤ ችግሩም ይኸው ነው። አሁን ፊሽካ የሚያንጠለጥለው በአንገቱም በእጁም ነው። የአስተማሪውን መታጠቂያ እየጎተተ ይፈትሻል። ሐኪሟን "ምን በላሽ? እንቅልፍ ተኝተሻል?" እያለ ይመረምራል። መልሕቁ ከተጣለ በኋላ ገመዱን እንደገና ይስባል፣ ባንዲራውን እንደገና ያቃናል፣ አልፎ ተርፎ "እትዬ፣ ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነው?" ይላታል፤ አንገቷ ላይ እያየው።

ባለፈው ዓርብ ገና ጎህ ሳይቀድ ስልኳ ጮኸ። አንስታ አዳመጠች፤ ዘጋችው።

"ማነው?" አለ ባሏ፣ ብርድ ልብሱ ውስጥ ሆኖ።

"ማሙሽ ነው። የነገው ነፋስ አሳስቦት ነው።"

"ታዲያ አት..."

"እንዳትጨርሳት" አለችው፤ ተነስታም የነፋሱን ትንበያ ልትሰማ ሬዲዮውን ከፈተች።