የጥዱ ሽቦና ቀኝ እጄ

መጀመሪያ የደነዘዘችው ትንሿ ጣቴ ናት። ቀኝ ክንዴ ተሰብሮ በወጌሻ ከታሰረ በማግስቱ ጠዋት ነው። ፊቴን በግራ እጄ እንደ ነገሩ ታጠብኩና ከእስሩ ብቅ ብላ የምትታየውን ትንሽ ጣት ነካ አደረግኳት። የሌላ ሰው ጣት የነካሁ መሰለኝ። ቆነጠጥኳት። ምንም። ብርዱ ነው ብዬ በጋቢዬ ሸፈንኳት። ያን ጠዋት ጮኼ ሰፈሩን ብሰበስብ ኖሮ ይህን የምጽፈው በቀኝ እጄ ነበር።

እንዲህ በግራ እጄ እያዘገምኩ የምጽፈው ክንዱ ወይም እግሩ ታስሮ ቤቱ ለተኛ ሰውና አጠገቡ ሆኖ ለሚያስታምመው ነው። ሰው ለማስለቀስ ብዬ አይደለም። የሚያለቅስ ቢኖር ግን አልቆጣም።

ሞላሌ በምትባል ከተማ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ከማስተማሩ ሌላ አንድ አመል አለብኝ፤ ዛፍ በሸክላ ሳህን ላይ አሳድጋለሁ። ቦንሳይ ይሉታል፤ በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ ብዙ ችግኝ እየገደልኩ ነው የተማርኩት። ጥድ ሜዳ ላይ ቢተዉት ከቤት በላይ የሚሄድ ዛፍ ነው። እኔ ዘንድ ግን ሥሩ እየተከረከመ፣ ጫፉ እየተቀነጠበ፣ ቅርንጫፉ በሽቦ እየተጠመዘዘ ከክንድ ሳይበልጥ ያረጃል። ሰፈሩ ይስቅብኛል። ጎረቤቶቼ «እንኳን ያንቺ ዛፍ ሆነን አልተፈጠርን» ይሉኛል። ባለቤቴ ጌታቸው ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር ዛፎቼን «የማይበሉ፣ የማይነድዱ፣ ጥላ የማይሰጡ» እያለ ያስተዋውቃቸዋል።

ከሁሉም የምሳሳለት አንድ ጥድ አለኝ። የጀመርኩት ትልቋ ልጄ ሳትወለድ ነው። እሷ አሁን ከእኔ ትረዝማለች፤ እሱ ገና ጉልበቴ ጋ አልደረሰም። ከአሮጌ የመብራት ገመድ የላጥኩትን የመዳብ ሽቦ እየጠመጠምኩበት ነው ያጎበጥኩት። ሽቦ ቅርንጫፉን በተፈለገው አቅጣጫ ይይዘዋል። ክረምት ሲገባ ግን ቅርንጫፉ ይወፍራል፤ ሽቦው አይወፍርም። ስለዚህ በየጊዜው ጎንበስ ብሎ፣ ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ፣ ሽቦው ቅርፊቱን መንከስ አለመንከሱን ማየት ያስፈልጋል። መንከስ ከጀመረ ይቆረጣል። የዘገየ ሰው ቅርንጫፉን ያጣል። ይህን ተማሪዎቼ ሳይቀሩ ያውቁታል።

በዚህ ሥራዬ ሰፈሩ ያወጣልኝ ስም «ታጋሿ» ነው። ስሙን እወደው ነበር።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ሳህኖቹ የግቢው ካብ ላይ ነበሩ፤ እየሮጥኩ ወደ በረንዳው ማስገባት ጀመርኩ። ትልቁን ጥድ እንዳቀፍኩ የበረንዳው ድንጋይ አንሸራተተኝ። ሳህኑን አልለቀቅኩም። በግራ እጄ ደረቴ ላይ ይዤው በቀኝ ክንዴ ወደቅኩ። ጥዱ ምንም አልሆነም። የእኔ ክንድ ግን ከአንጓው ከፍ ብሎ ጎበጠ።

ጤና ጣቢያው ማስታገሻ ሰጥቶ፣ ራጅ ስለሌለው ወደ ሆስፒታል እንድንሄድ ነገረን። ዝናቡ አላቆመም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ጎረቤቶች ስብራት ደግሞ መቼ የሐኪም ሆነ፣ ወጌሻ እያለ ምን አንከራተታችሁ አሉን። እውነታቸውን ነው፤ ጋሽ ንጉሤ የሚባሉ ወጌሻ አሉ። ጌታቸው በወጣትነቱ እግሩ ሲሰበር የጠገኑት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬም ዳገት ሲወጣ እኔን ጥሎኝ ነው የሚሄደው። ተጠሩና መጡ።

ዳሰሱኝ፣ ሳቡኝ፣ አጥንቱ ሲገጥም ድምፁን ሰማሁት። ነጠላዬን ነክሼ ዝም አልኩ። እሳቸውም ለተሰበሰበው ሰው እንዲህ ያለች ታጋሽ ሴት አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። እንዲያ ታምሜ እንኳ ደስ አለኝ። ክንዴን በቀርቀሃ ስንጣቂና በአቡጀዲ ጥብቅ አድርገው አሰሩት። «ጠበቅ ካላለ አይገጥምም፤ ተመልሼ እስክመጣ ማንም እንዳይነካው» አሉና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሕመም ስብራት ነው ብዬ ተቀበልኩት። ስብራት አልነበረም። ስብራት ሲነኩት ነው የሚያመው፤ ይህ ሳይነኩትም ያመኛል። ክንዴ ውስጥ አንድ ነገር እያደገ ቦታ ያጣ መሰለኝ። ጣቶቼን ሌላ ሰው ቀና ሲያደርጋቸው ዓይኔ ይጨልማል። እኔ ራሴ ላንቀሳቅሳቸው ስል እምቢ አሉ። ክኒኑ አልሠራም። ላቤ ይወርዳል። ጌታቸው ጋሽ ንጉሤን ልጥራቸው ወይ እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ያልፍልኛል አልኩት። ምን ብዬ ላስጠራቸው? ታጋሽ ያሉኝን ሴትዮ አልቻልኩም ልበላቸው? በእኛ አገር ምጥ ላይ ድምፅ ያላሰማች ሴት ዕድሜ ልኳን ትመሰገናለች። እኔም ይህን ምስጋና ጠጥቼ ነው ያደግኩት።

በመስኮቱ ጥዱ ይታየኛል። ዝናብ ጠግቦ አረንጓዴው በርቷል። ስለዚህ ጌታቸውን፣ ውጣና ሽቦው ነክሶ እንደሆነ እይልኝ አልኩት። ወጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ገና ነው ብሎ ተመለሰ። የዛፌን ሽቦ አስመረመርኩ። ክንዴን እይልኝ አላልኩም።

ከዚያ ሕመሙ ቆመ።

ቀስ እያለ አይደለም። ባንዴ። ተመስገን አልኩ። ሻረልኝ ብዬ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ ነገርኩ። ምግብም በላሁ።

ሽታውን ያወቀው ጌታቸው ነው። መጀመሪያ አይጥ ሞቶ መስሎት አልጋው ሥር ፈለገ። ኋላ ወደ ክንዴ ጠጋ አለ። ምላጭ አመጣ። ጋሽ ንጉሤ አትንኩት ብለዋል አልኩት። አልሰማኝም። አቡጀዲውን ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ጣቶቼ ጠቁረዋል። ክንዴ ውኃ ቋጥሯል። ቀርቀሃው ሥጋዬ ውስጥ ቦይ ሠርቷል። ያን ቦይ አውቀዋለሁ። ጌታቸው ሮጦ ወጥቶ አይሱዙ ይዞ መጣ።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ጣቶቼን አንድ በአንድ በመርፌ ወጋቻቸው። ይሰማዎታል? አይ። ይሄስ? አይ። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ረጋ ብላ አስረዳችኝ። የክንድ ጡንቻ በጠንካራ ሽፋን ውስጥ ነው የተቀመጠው። አጥንት ሲሰበር ጡንቻው ያብጣል። ከውጭ ጠብቆ ሲታሰር ማበጫ ያጣል፤ ግፊቱ የደም ዝውውሩን ይዘጋዋል። ኮምፓርትመንት ሲንድረም ይባላል። በሰዓታት ውስጥ ቢደረስበት ሽፋኑ ተከፍቶ እጁ ይተርፋል፤ ፋሺዮቶሚ ይሉታል። ሕመሙ ቆሞልኝ ነበር ስላት ዝቅ ብላ መሬት መሬቱን አየች። የቆመው ነርቩ ሲሞት ነው አለችኝ።

«እጁ ሞቷል» አለች። «አሁን የምንታገለው ለክርንዎ ነው። ካደርን ለሕይወትዎ ይሆናል።»

ጋንግሪን። አምፑቴሽን። ሁለቱንም ቃል ክፍል ውስጥ አስተምሬያቸዋለሁ። ፈቃዴን በፊርማ መስጠት ነበረብኝ፤ የምፈርመው በሚቆረጠው እጅ ነው። የግራ አውራ ጣቴን ቀለም ነከሩት።

ከክርኔ በታች ቆረጡኝ። ቁስሉ አመረቀዘ። እንደገና ገቡበት። ከሞተው ጡንቻ የወጣው መርዝ ኩላሊቴን እንዳይጎዳው ሽንቴን እየለኩ ሰነበቱ። ክርኔ ተረፈ። እኔ ግን መትረፌን አልወደድኩትም። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ሞትን ለመንኩ። ይህንም የምነግራችሁ እንዲህ የሚሰማችሁ ካላችሁ ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ እንድታውቁ ነው። ጌታቸው በበኩሉ ጋሽ ንጉሤን ካልከሰስኩ ሞቼ እገኛለሁ ይላል።

የሌለው እጅ ያማል። ይህን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም ነበር። የተቆረጠው እጄ በጥብቅ ተጨብጦ፣ ጥፍሩ መዳፉን ሲወጋው ይሰማኛል። ፋንተም ፔይን ይባላል፤ እብደት አይደለም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ሰፋ ያለ መስታወት አምጥቶ በሁለቱ ክንዶቼ መሐል አቆመና ግራ እጄን በመስታወቱ ውስጥ እያየሁ ቀስ ብዬ እንድዘረጋ አዘዘኝ። የተዘረጋው ቀኙ መሰለኝ። በየቀኑ እየደጋገምኩት ጭብጡ እየላላ መጣ። ዛሬም ብርድ ሲበዛ ይመለሳል።

ቤቴ የገባሁት መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። ጌታቸው ግቢው በር ላይ አስቆመኝና ጥዱን ሊያስገባው ፈልጎ እንደነበር፣ ማየት እንደሌለብኝ አስቦ እንደነበር ተንተባተበ። እኔን ሲያመላልስ ሽቦውን ያየው ሰው የለም። ሽቦው ቅርፊቱ ውስጥ ጠልቆ ገብቷል፤ አንዳንዱ ጥምጥም ጭራሽ ተውጦ አይታይም። ጌታቸው እንደ ልጅ አለቀሰ። ለዛፉ ነው ብሎ የሚያስብ አይኖርም። እኔም ክንዴ ከታሰረ ጀምሮ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ያን ቀን አለቀስኩት። ጎረቤት ደንግጦ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነው፤ ከሕመሜ ሁሉ በፍቅር የማስታውሰውም እሱን ነው። የነከሰ ሽቦ ጠምዝዘው አይፈቱትም፤ ቅርፊቱን ይዞ ይመጣል። በፒንሳ እየቆራረጡ በቁራጭ በቁራጭ ነው የሚለቅሙት። እሱ ሳህኑን በጉልበቱ መሐል ይይዝልኛል፤ እኔ በማትታዘዝ ግራ እጄ አንድ ቁራጭ፣ ሲሳካልኝ ሁለት ቁራጭ አነሳለሁ፤ ሲደክመኝ ትቼው እገባና በማግስቱ እዚያው እመለሳለሁ። እንዲህ ስንል ጥቅምት አለቀ። ክፍል ውስጥም ነገሩ ያው ነበር፤ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው ፊደል የአንደኛ ክፍል ተማሪ የጻፈው ይመስል ወዲያና ወዲህ ሲጋደም፣ መጀመሪያ ላይ አዝነው ዝም ያሉት ተማሪዎቼ ውለው አድረው አንድ መስመር ባስተካከልኩ ቁጥር ማጨብጨብ ለመዱ። ከጥዱ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ሞተ። ጌታቸው ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ ድኗል እያለ ሲያጽናናኝ ነበር። ጥድ ግን ከሞተ በኋላም ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል። ቀሪው ዛፍ ተርፏል፤ ጠባሳው ዙሪያውን እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ይታያል፤ አይጠፋም።

ጋሽ ንጉሤ የመጡት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ጌታቸው ተነስቶ ወጣ። ሽማግሌው በሩ ላይ እንደቆሙ ክንዴን አይተው አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ እንዲያ ሲያምሽ ምነው ሳትጠሪኝ?» አሉኝ።

«እርስዎስ ሲደነዝዝሽ ጥሪኝ ምነው ሳይሉኝ?»

ገብተው ተቀመጡ። ሙሉ በሙሉ ይቅር ብያቸዋለሁ ብል ውሸት ነው። ግን ክስ የሚባለውን ነገር ጌታቸውን አስተውኩት፤ እሳቸውን ደግሞ ጤና ጣቢያው ድረስ ይዣቸው ሄድኩ። ዛሬ የተሰበረ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ወደ ራጅ ይልካሉ። መሄድ አልችልም ያለውን ሲያስሩም ሁሉንም ጣት ከነጥፍሩ ውጭ ይተዉታል፤ ለማየት እኔንም ይጠሩኛል።

ለዚያች ሐኪም፣ ለመስታወቱ ሰው፣ ምላጭ ይዞ ላልሰማኝ ባሌ ያለኝን ምስጋና በግራም በቀኝም ጽፌ አልጨርሰውም። ለእናንተ የምላችሁ ግን አጭር ነው። የታሰረ ሰው ጣቱን ደጋግማችሁ ንኩ። ከስብራቱ የባሰ ሕመም፣ ጣት ሲዘረጋ የሚያስጮህ ሕመም፣ መደንዘዝ፣ መቀዝቀዝ፣ መገርጣት ካያችሁ ማንም አትንኩ ቢላችሁ እስሩን ቅደዱና ሐኪም ቤት ሩጡ። ሕመሙ ድንገት ቢቆም አትደሰቱ። ትዕግስት ዛፍ ላይ በየጊዜው እየገለጡ ማየት ነበር። እኔ ዓይን ጨፍኖ መቻል አደረግኩት።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ንጉሤ አስጠሩኝ። ከአህያ የወደቀች ትንሽ ልጅ ናት፤ ክንዷን የገጠር ዘመዶቿ አስረውት መጥተዋል። እናቷ አጠገቧ ተቀምጣ፣ ከወደቀች ጀምሮ አንዲት ዘለላ እንባ እንዳላፈሰሰች፣ እንዴት ያለች ታጋሽ ልጅ እንደሆነች በኩራት ነገረችኝ። ጣቶቿን ነካሁ። ቀዝቅዘዋል። ጥፍሯን ተጭኜ ለቀቅኩት፤ ደሙ ለመመለስ ዘገየ። መሐል ጣቷን በቀስታ ቀና ሳደርገው ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ አልወጣትም። ያምሻል ወይ አልኳት። መልስ ከመስጠቷ በፊት እናቷን አየች።

እጅጌዬን ሰብስቤ ጉማጄን አሳየኋት። «እኔም አላለቀስኩም ነበር» አልኳት።

ትንሽ አየችውና አፏን ከፈተች። ጩኸቷ ሰፈሩን አደባለቀው። እናቷ ልታባብላት ብድግ ስትል በግራ እጄ ያዝኳትና ታልቅስ አልኳት። ጋሽ ንጉሤ ካራቸውን አውጥተው እስሩን መቅደድ ጀምረው ነበር።