ላስቲክ የለበሰው ዘር

ባለፈው ሰሞን እንጅባራ ገበያ አንዲት ነጋዴ ድንቿን ከዝናብ የከለለችበትን ላስቲክ ገለጥ ስታደርገው፣ የታፈነ ድንች ሽታ ወጥቶ አፍንጫዬን መታኝ። "ነይ እትዬ፣ ላይ ላዩን አትይው፣ ውስጡ ደህና ነው" ትለኛለች። እኔ ሳልገዛ ተመለስሁ።

ያን ሽታ አውቀዋለሁ። ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው መንገድ ዳር እንኖር ነበር። እናቴ ከአዊኛ በቀር አታውቅም። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ እስክተወው ድረስ ከትምህርት ቤት የቃረምኋት አማርኛ ነበረችኝ።

አንድ ጠዋት የግብርናው ሠራተኛ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይዞ መጣ። በአገሩ ዕድሜውን ሙሉ ድንች ሲያለማ የኖረ ገበሬ ነው አለን፤ ደመወዝ የለው ምን የለው፣ ያወቀውን ሊያሳይ በፈቃዱ የመጣ። እጁ እንደኛው እጅ የተሰነጣጠቀ ነበር። እኛ የዘር ድንች ጨለማ ውስጥ ነው የምንከምር። እሱ ግን፣ ሠራተኛው እያስተረጎመለት፣ ብርሃንና ነፋስ ይግባው አለ። ያን ጊዜ ቡቃያው አጭርና ጠንካራ ይሆናል፣ ነጋዴውም ዘር ፍለጋ ከዳንግላ ድረስ ይመጣል። ግድግዳው ክፍት የሆነ የሣር ቤት ሠርቶ፣ ድንቹን በቀርከሃ ቆጥ ላይ መደርደር ነው። ለዚያውም አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዲማር፣ መንገዱ ዳር።

እናቴ ሰምታ ሰምታ በአዊኛ፣ "ዘሬንማ ለመንገደኛ ዓይን አልሰጥም። ያለኝ እሱ ነው። ንገሪው" አለችኝ። በኛ ዘንድ ያልተዘራ ዘር ለባዕድ አይታይም፤ ዓይን ይበላዋል ይባላል።

"ምን አለች?" አለኝ የግብርናው ሠራተኛ።

ሽማግሌው ፈገግ ብሎ ያየኛል። እንግዳን፣ ያውም ሽማግሌ፣ አይሆንም ብሎ መመለስ እንዴት ይቻላል?

"እሺ ብላለች" አልሁ።

በማግስቱ ቀርከሃው መጣ። እናቴ እሺ ማለቴ ያን ጊዜ ገባት፤ የመጣ እንግዳ ማሳፈር ግን ከብዷት ቦታውን አሳየችው። አዲስ የተሰነጠቀው ቀርከሃ ሽታ ግቢውን ሞላው። ሽማግሌው ተንበርክኮ ያለንን ዘር ሁሉ አንድ በአንድ ሲደረድር እናቴ፣ "ዕንቁላል አስመሰለው እኮ" ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ዳንግላ በኩል ሄደ፣ ከወር በኋላ እመለሳለሁ ብሎ።

የመኪናው አቧራ ሳይረግብ እናቴ ላስቲክና ጆንያ አወጣች። "ሸፍኚው። ሲመጣ እንገልጠዋለን።" ሸፈንሁት።

ልጄ ዛሬ በግብርና ተመርቃ ሩቅ ቀበሌ ብቻዋን ተመድባለች። ስትደውልልኝ፣ "እማ፣ ገበሬው ሁሉ እሺ ይለኛል" ትላለች፣ ደስ ብሏት። እኔን ደግሞ ይቺ እሺ ታስፈራኛለች። ኔትወርክ ሲጠፋማ ስልኩን ደረቴ ላይ አድርጌ እውላለሁ።

በወሩ የመኪናውን ድምፅ ሰምተን ላስቲኩን በጥድፊያ ገፈፍነው። ሽታው ቀድሞን ወጣ። ቡቃያው እንደ ክር ረዝሞ ነጥቷል፣ ግማሹ ድንች ቀልጧል። ሽማግሌው አንዱን አንስቶ አገላብጦ አየውና ለግብርናው ሠራተኛ አንድ ነገር አለው።

"ብርሃን አላገኘም ይላሉ። ሸፍናችሁት ነበር ወይ?"

እናቴ ቆማ የቀለጠውን ታያለች። አንገቷን እንዳላስደፋት ፈራሁ።

"ኧረ አልሸፈንነውም" አልሁ።

ሽማግሌው አመነኝ። ቤቱን ዞሮ ዞሮ አየና ባርኔጣውን አውልቆ እናቴ ፊት ጎንበስ አለ። "የክዳኑን ሣር አስረዝሜው ብርሃን ከልክዬው ይሆናል፣ ይቅር ይበሉኝ ይላሉ፤ ንገሪያት" አለኝ ሠራተኛው። ነገርኋት። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ጎረቤቱ ተሰብስቦ፣ "እኛስ አላልንም? የሰው አገር ብልሃት ለሰው አገር ነው" አለ። እንደሱ ሊሠሩ የቆረጡትን ቀርከሃ ለአጥር አደረጉት። እኛም ያን ዓመት ከአጎቴ ቤት ዘር ለምነን ዘራን።

ድንቹ በተገለጠ ዕለት፣ ሽማግሌው በማግስቱ ወደ አገሩ ሊመለስ ነበር። የግብርናው ሠራተኛ ቀበሌ ጉዳይ አለኝ ብሎ ሲሄድ፣ ሽማግሌው በእጅ ምልክት ማጭድ ለመነንና የክዳኑን ሣር ዙሪያውን ያሳጥር ጀመር። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። መንገደኛው ቆም ብሎ ያያል፣ ያልፋል። የሚያግዘው አንድ ሰው አልነበረም።

ውኃ ወሰድሁለት። ጠጣና፣ "አመሰግናለሁ" አለ፤ ከአማርኛ የሚያውቃት እሷን ብቻ ነበር። ልነግረው ፈልጌ አፌን ከፈትሁ። በመካከላችን ቋንቋ አልነበረም።

ጎንበስ ብዬ ከእግሩ ሥር የወደቀውን ሣር መልቀም ጀመርሁ። የማግዘው መስሎት ራሴን ዳበስ አደረገኝ።