ሁመድ ከሙታኑ ወሬ የጠየቀ ቀን

«መጀመሪያ ምሳውን ይብላ።»

ዛሬ ረፋድ ላይ በቢሮው ኮሪደር ሳልፍ የሰማሁት ነው። ስለ እኔ መሆኑ ገብቶኛል። ከስንት ዓመት አገልግሎት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ለጤናዬ ማሰብ ጀመረ ብዬ፣ ሄጄ ሽሮዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ስመለስ ኃላፊያችን ወንበር ሳበልኝ። የታሸገ ውሃ ከፍቶ ሰጠኝ። እኛ አገር ውሃ ሰጥቶህ የማያውቅ ሰው ውሃ ከሰጠህ፣ ሰው ሞቷል ማለት ነው።

ሁመድ ሞተ አሉኝ። ትናንት፣ አገሩ አፋምቦ፣ ቤተሰቡ መሃል። ትናንቱኑ ተቀብሯል። አላመንኩም። አሁን ይህን ስጽፍም ስለ ሌላ ሁመድ የምጽፍ ይመስለኛል።

ለማታውቁት፣ ሁመድ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነበር። ከሰመራ አዋሽ፣ ከአዋሽ ሰመራ ስንመላለስ ዕድሜዬ ያለቀው እሱ ጎን ተቀምጬ ነው። እኔ የተወለድኩት አዋሽ፣ ባቡር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው። እሱ ግን አባቴ ከመንዝ ስለመጡ ብቻ እስከ መጨረሻው «ደገኛው» ይለኝ ነበር።

አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ዝም ብሎ አይተላለፍም። ቆሞ ዳጉ ይለዋወጣል፦ ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ አለ ወይ። ሳይጨምሩ፣ ሳይቀንሱ። ሁመድ ይህን ለእኔ ሲያሳጥርልኝ «ያየኸውን ንገረኝ፤ ያሰብከውን ለራስህ ያዝ» ይለኝ ነበር። ምክሩን ሪፖርት ስጽፍ ሞክሬዋለሁ። ሦስት መስመር ሆኖ ተመለሰልኝ።

አንድ ሰሞን ሆዱን እያመመው ሰነበተና አዋሽ ላይ ሐኪም ዘንድ ይዤው ገባሁ። ውጤቱ ሲመጣ ሁመድ መኪናውን ጥላ ሥር ሊያቆም ወጥቶ ነበር። ሐኪሙ «የታማሚው ቤተሰብ ማነው?» አለ። እጄን አወጣሁ።

«ጉበቱ ነው። አዲስ አበባ ይዛችሁት ሂዱ። ቶሎ» አለኝ።

ከፊታችን እስከ ሰመራ ድረስ ረጅም መንገድ አለ፤ አንድ መኪና ውስጥ፣ ሁለት ሰው። ስለዚህ ከተማው ዳር ያለው መዝናኛ ፓርክ በር ላይ «ሃሎዊን» የሚል ባነር ሳይ እፎይ አልኩ። ባለቤቱ ከውጭ የተመለሰ ሰው ነው አሉ። ባዶ ኮንቴይነሮች ገጣጥሞ፣ በጥቁር ላስቲክ ሸፍኖ፣ ውስጡን ጠመዝማዛ መተላለፊያ አድርጎ፣ ሰው ከፍሎ የሚደነግጥበት ቤት ሠርቷል። በዚያ ሙቀት።

«ገብተን እንየው» አልኩ።

«ምን አለው?»

«ያስፈራሉ።»

«ማንን?» አለ ሁመድ።

ትኬት ቆራጯ «የታመመ ሰው አይገባም። ሕመም ያለበት አለ?» አለች። ሁመድ ዞሮ አየኝ።

«ሁለታችንም ደህና ነን» አልኩ።

የመጀመሪያው ጥግ ላይ ጭንብል ያጠለቀ ሰውዬ መጋዝ ይዞ ጮኸብን። እኔ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ሁመድ ጩኸቱን እስኪጨርስ ጠበቀውና እጁን ዘረጋለት።

«ሰላም ነው? ከየት ነህ?»

«ጋሼ ይለፉ፣ ከኋላ ሰው አለ።»

«ከየት ነህ አልኩህ እኮ።»

ጭራቁ መጋዙን ዝቅ አደረገ። «ከኮምቦልቻ።»

«ቤተሰብ ደህና?»

«አልሐምዱሊላህ። ሚስቴ ግን እዚህ ምን እንደምሠራ አታውቅም። ጥበቃ ነኝ ብያታለሁ።»

«ንገራት» አለ ሁመድ። «ከሌላ ሰው ከሰማች ነው የምትደነግጠው።»

ቀጥሎ ከሬሳ ሣጥን ውስጥ ሙሽራ ተነሳችብን፤ ፊቷ ዱቄት፣ አፏ ቀይ ቀለም። ሁመድ ሣጥኑ አጠገብ ቁጢጥ አለ።

«በእናንተ በኩል ዝናብ አለ?»

«ኧረ አባባ፣ እኛማ ደርቀናል» አለች ሟቿ። «ዲቾቶ ላይ ግን ጥሏል።»

«አይተሽ ነው?»

«የጭነት ሾፌሮች ሲያወሩ ሰምቼ።»

«እንዲያ በይ።»

ከኋላችን «ኧረ ውጡ፣ እኛም እንፍራ!» የሚለው ጩኸት በረታ። ሌላው በአምስት ደቂቃ ሮጦ የሚወጣበትን ቤት እኛ ግማሽ ሰዓት ፈጀንበት።

ውጪ ኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሁመድ ላቡን እየጠረገ ሳቀ። «ሙታኑ ሁሉ ወሬያቸውን ነገሩኝ። አንተስ ደገኛው፣ ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ጨጓራ ነው አለ። በርበሬ ይቀንስ አለ።»

አመነኝ። ወሬ ሲጠየቅ የሚዋሽ ሰው ገጥሞት አያውቅማ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በርበሬ እርም አለ። ወጡን በእጁ ገፍቶ ነጭ ሩዝ ሲበላ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አይቻለሁ። «ምክርህ ሠርቷል፣ ተሽሎኛል» ይለኝ ነበር።

እኛ ዘንድ ለክፉ ወሬ ጊዜ ይመረጥለታል። የልጁ ሰርግ ይለፍ አልኩ። ሰርጉ ሲያልፍ እንግዶቹ ይሸኙ አልኩ። እንግዶቹ ሲሸኙ ትንሽ ይረፍ አልኩ። በስድስተኛው ሳምንት ነገርኩት።

አዲስ አበባ ሄድን። ሐኪሞቹ ወረቀቱን አይተው «እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?» አሉ።

«ሰመራ» አልኩ።

ሁመድ ወንድሜ፣ ደክሞኛል፤ ያለኝን ወሬ ብቻ ልንገርህ። ሰመራ ዛሬም ንፋስ ነው። መኪናህን ለሌላ ሾፌር ሰጥተውታል፤ ወንበሩን ወደፊት አስጠግቶታል። ነገ አፋምቦ ወርጄ ባለቤትህን አያቸዋለሁ፤ የሚጠይቁኝን ሁሉ እመልሳለሁ። አላህ በጀነት ያሳርፍህ። እኔም በማውቀው ጸሎት እለምንልሃለሁ።

ያን ቀን ስነግርህ ሳታቋርጠኝ እስከ መጨረሻው ሰማኸኝ። ከዚያ «መቼ ነው ያወቅከው?» አልክ። «ትናንት ማታ። ሐኪሙ ደውሎልኝ፣ ውጤቱ ተሳስቶ ነበር አለኝ» አልኩህ። ትከሻዬን ይዘህ «ጀዛከላህ፣ ሳታሳድር ነገርከኝ» አልከኝ።

ሐኪሙ የእኔ ስልክ ቁጥር የለውም።