ንፋስ የለመደች ኳስ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬን የጀመርኩት ኳስ በማባረር ነው። አሰልጣኝ ሙሴ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጠኝና "ኳሶቹን አውጪ" አለኝ። እኔም ከከረጢቱ አውጥቼ ሜዳው ዳር አሳምሬ ደረደርኳቸው። የጅግጅጋ የክረምት ንፋስ መጣና ሁሉንም ወደ ጫት ተራ ነዳቸው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ተከተልኩ። ከሻጮቹ አንዷ ኳስ በእግሯ አቁማ "ኤዶ፣ ፍየሎችሽ አመለጡሽ?" አለችኝ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ስሙ በዚያው ጸናብኝ።

ከዚያ በፊት ሜዳው ባለበት ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ ክረምት ሲዘጋ ሜዳው ለኳስ ሥልጠና ይለቀቃል። ሙሴ ክረምቱን በሙሉ የሚያስተምረው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ረጅም ኳስ ማቀበልና ያንን ኳስ ሮጦ ደርሶ ማግባት። አቀባዮች ቢጫ መለያ ይለብሳሉ፣ አጥቂዎች ቀይ።

የእኔ ሥራ ትጥቅ ያዥ ይባላል። ከዋናው አሰልጣኝ፣ ከምክትሉና ከበረኛ አሰልጣኙ ቀጥሎ የመጨረሻው ማዕረግ ነው። መለያ አጥባለሁ፣ ኳስ እነፋለሁ፣ ለልምምድ ምልክት የሚሆነውን የፕላስቲክ ኮን አቆማለሁ። የመንፊያው መርፌ ሳይረጥብ ከገባ የኳሱን አፍ ይቀደዋል፤ ይህን ያወቅሁት ሁለት ኳስ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ኮን ደግሞ በእኛ ሜዳ ብቻውን አይቆምም። እያንዳንዱ ላይ ድንጋይ ይጫንበታል። ድንጋዮቹን በኖራ ቀብቼ በጆንያ አስቀምጣቸው ነበር። ጉዞ ስንሄድ ሳይቀር ጆንያው አብሮኝ ይሄዳል።

ልጆቹ ሁሉ የሚፈልጉት ቀዩን ነው። ያገባ ይጨበጨብለታል፣ ያቀበለ ይረሳል። ስለዚህ መለያውን በወረፋ አደረግሁት፤ ዛሬ ቀይ የለበሰ ነገ ቢጫ ይለብሳል። አንድ ጨርቅ ነጋዴ ሐጂ በመኪና መጥተው ተቆጡኝ።

"ኤዶ፣ ልጄን ቀይ አልብሺው። አቀባይን ማን ያየዋል?"

"ነገ ይደርሰዋል ሐጂ። ሱቅዎ ውስጥ ወረፋ የለም እንዴ?"

"አለ።"

"እዚህም አለ።"

ሙሴ ጎትቶ ወደ ዳር ወሰደኝ። "አንቺ ሴትዮ፣ ትጥቅ ያዥ ነው የቀጠርኩት ወይስ ዳኛ?" አለኝ። "ለሁሉም እኩል" አልኩት። ይህ ቃል ከአፌ አይጠፋም ነበር። በኋላ ሙሴም ተወው፤ ሌላ ሰው ወረፋ ሊያፈርስ ሲመጣ "ወደ ኤዶ ዘነቡ ሂድ፣ ትበላሃለች" እያለ ይልክልኛል።

ዓመታት አለፉና ልጆቹ ኤዶን ትተው አዬዮ ይሉኝ ጀመር፤ አያቴ ማለት ነው። ከሚሊኒየሙ በዓል በፊት በነበረው ክረምት ከድር የሚባል ልጅ ከገጠር፣ ከቱሊ ጉሌድ መጣ። ቀይ የማይፈልግ ልጅ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ወረፋው ሲደርሰው ቀዩን ለሳሚ ሰጥቶ ቢጫውን ይወስዳል። ሳሚ የከተማችን የልብስ ሰፊ ልጅ ነው።

"ወረፋህን ለሰው አትስጥ!" ብዬ ጮኽኩበት።

"አዬዮ፣ እኔ ማግባት አልፈልግም" አለ በተሰባበረ አማርኛው። "ሳሚ ይሮጣል፣ እኔ እልክለታለሁ። እንደዚህ ደስ ይለኛል።"

ቢጫውን ተውኩለት። ሳሚ ከገበያ ሶማሊኛ በላይ አያውቅም፣ የከድርም አማርኛ ያው ነው። ግን ከድር አገጩን ቀና ካደረገ ሳሚ ተነስቷል። ወደ ካራማራ ተራራ አቅጣጫ ሲያጠቁ ከድር ኳሷን አርቆ ይመታታል። ከሳሚ አልፋ ከሜዳ የምትወጣ ትመስላለች። ከዚያ ከተራራው የሚመጣው ንፋስ ፊት ለፊት ይይዛትና ሳሚ እግር ሥር ያወርዳታል። ጎል ሲቀይሩ ደግሞ ለስለስ አድርጎ ይነካታል፣ ንፋሱ ይወስድለታል። ሙሴ "ልጁ ካራማራን ቀጥሮታል" እያለ ይስቅ ነበር።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ድሬዳዋ ላይ አንድ ክለብ ለታዳጊ ቡድኑ ልጆች ሊመርጥ መሆኑ ተሰማ። የተመረጠ ማደሪያና ትምህርት ያገኛል። ከድር ካልሲውን እያጠፈ ነገረኝ፤ ካልተመረጠ ትምህርቱን አቁሞ አጎቱ ጭነት መኪና ላይ ረዳት ሊሆን ቤተሰቡ ወስኗል።

"ትመረጣለህ" አልኩት። "አንተ ካልተመረጥክ ማን ሊመረጥ ነው?"

በሚኒባስ ሄድን። ድሬዳዋ ስንደርስ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ነው፤ የዛፍ ቅጠል አይነቃነቅም። ኮኖቹን አውርጄ ስደረድር ድንጋይ ሳልጭንባቸው ቆሙ። አንዱም አልወደቀም። "ዛሬስ ተገላገልኩ" ብዬ ጆንያዬን መኪናው ውስጥ ተውኩት። ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

መራጩ ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ንግግሩ ትሁት የሆነ ሰው ነበር። ጊዜ ስለሌለ ያለ ማሟሟቂያ እንጀምር አለ። እያንዳንዱ አቀባይ ሁለት ኳስ ይመታል፣ የራሱ አጥቂ ይሮጣል። የአካባቢው ልጆች ጀመሩ፤ ደህና አቀበሉ።

ከድር ገባ። አገጩን ቀና አደረገ፣ ሳሚ ተነሳ። ኳሷ ከፍ ብላ ሄደች። እንደ ልማዴ የምትቆምበትን ቦታ ጠበቅሁ። አልቆመችም። ከሳሚ አልፋ፣ ከመስመሩ አልፋ አጥር ላይ ተመታች። ከዳር ያሉት "ወደ ጅቡቲ ነው የላካት!" ብለው ሳቁ። ከድር እግሩን አየ፣ ኳሱን አየ። ሁለተኛዋን ፈርቶ ነካት። ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች።

ፊሽካ ተነፋ። ሜዳው ውስጥ ገባሁ።

"ጌታዬ፣ አንድ ኳስ ይጨምሩለት። አንድ ብቻ። ይህ ልጅ እንዲህ አይደለም።"

"እማማ፣ ለሁሉም ሁለት ሁለት ነው። እኩል ነው" አለኝ።

በገዛ ቃሌ ነው የመለሰኝ። ለሐጂውም ለሙሴም ስንት ዓመት ያልኩት ይህንኑ አይደል? ሰውየው ክፋት የለበትም። ልጁ ለምን እንደሳተ ግን ያኔ አላወቅሁም።

ሳሚን መረጠ። "ፍጥነት አለው" አለ።

ሳሚ ከድርን እያየ "ለእኔ ማን ሊያቀብለኝ ነው?" አለ።

"አይዞህ፣ እዚህ አቀባይ ሞልቷል።"

ሳሚ ልብሱን ሊይዝ አብሮን ተመለሰ። ሁለቱ ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ካራማራን አልፈን ወደ ጅግጅጋ መውረድ ስንጀምር ንፋሱ ሚኒባሱን ናጠው። ከድር እጁን በመስኮት አወጣ። ዘርግቶ ያዘው።

"አዬዮ" አለ። "እዚያ ንፋስ አልነበረም።"

ሙሴ ከፊት ወንበር ዞረ። ግንባሩን በመዳፉ መታና "ወላሂ!" አለ። እኔ የታየኝ ጆንያው ነው። ያለ ድንጋይ የቆሙት ኮኖች። ልጁ የመጀመሪያዋን በንፋስ ልክ መታት፣ ሁለተኛዋን በድንጋጤ። ሦስተኛዋ ትደርስ ነበር። ምልክቱ ከእጄ ሥር ነበር፤ እኔ ሸክም ቀለለልኝ ብዬ ተደሰትኩበት።

ሙሴ በማግስቱ ስልክ ደወለ። መራጩ በትህትና ሰማው፤ ምርጫው ተዘግቷል አለው።

ሳሚ ሄደ፣ ዓመትም ሳይቆይ ተመለሰ። "ኳሱን እግሬ ላይ ነው የሚያመጡልኝ አዬዮ። ቆሜ ነው የምቀበለው። ከዚያ ፍጥነትህ የት ሄደ ይሉኛል" አለኝ። አሁን የአባቱ ስፌት መኪና ላይ ተቀምጧል። ክረምት ሲመጣ የልጆቹን መለያ የሚጠግንልኝ እሱ ነው።

ከድር ረዳት ሆነ፣ ኋላም ሾፌር። ወደ ደምበል ወረዳ በሚወስደው መንገድ ጭነት ያመላልሳል። ሜዳው አጠገብ ሲያልፍ ጥሩምባ ይነፋል። አንድ ቀን ወርዶ ኮን ሳቆም አገኘኝና ድንጋይ እያቀበለኝ "ዛሬም አይቆሙም?" አለኝ። እየሳቀ ነው የጠየቀኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ኳስ ከፊቱ አስቀመጥኩለት፤ አየት አደረጋትና "ጭነት ይጠብቀኛል አዬዮ" ብሎ ሄደ።

ትጥቅ ለምትይዙ ልጆች የማስተላልፈው ይህን ነው። ሌላ ከተማ ስትሄዱ መጀመሪያ አንድ ኮን ያለ ድንጋይ አቁሙ። ከቆመ ለአሰልጣኙ ንገሩ፤ ልጆቹ አየሩን ሳይለምዱ አይፈተኑ። ለሁሉም ሁለት ኳስ መስጠት እኩል ማድረግ አይደለም።